«ወላጅ ይዘህ ና»፦ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሠራበት አንድ ቅጣት

ጧት ደወል ተደውሎ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ ተማሪዎች ሁሉ በየክፍላቸው ከገቡ በኋላ በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ላይ፣ ከዘበኛው ጐጆ አጠገብ፣ የሚቀሩ ሁለት ሦስት ሕፃናት አይጠፉም። ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሲሰለቻቸውም ቁጭ ብለው በጠጠር ይጫወታሉ። አርፍደው የመጡ አይደሉም። የ1ኛ፣ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ትናንት በክፍል ውስጥ አንድ ጥፋት አጥፍተው «ወላጅ ይዘህ ና» የተባሉና ዛሬ ወላጅ ሳይዙ የመጡ ናቸው። ዘበኛው እንዳያስገባቸው ታዟል፤ ወደ ቤታቸው እንዳይመለሱ ደግሞ ለምን እንደ ተመለሱ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ከሁለት በሮች መካከል ይውላሉ።

ይህ እርምጃ በትምህርት ቤቶቻችን አሠራር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከቅጣት አይቈጠርም። ከምክርና ከማስጠንቀቂያ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ትምህርት ቤቱና ወላጁ የሚመካከሩበት የመግባቢያ መንገድ ተደርጎ ይታያል። ዱላ አልተነሣም፤ ልጁም አልተንበረከከም፤ ስለዚህ ማንም አልተቀጣም ይባላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር የሚገኘው ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት እንዲወጣ በሕግ የታዘዘው ዱላ በ«ወላጅ ይዘህ ና» አማካይነት አድራሻውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከመምህሩ እጅ ወደ ወላጁ እጅ ተዛውሯል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልሰውም የሚመታው ሕፃን ራሱ ነው።

ዱላው እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተላለፈ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ልጅን ለየኔታ ማስረከብ ማለት የመቅጣትን ሥልጣን ጭምር ማስረከብ ነበር። ፊደል ቈጣሪው ሕፃን ሲሳሳት ወይም ከጓደኛው ጋር ሲላፋ የኔታ ልምጫቸውን ያነሣሉ፤ ወላጅም በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ልጁ ተመትቶ ሲያለቅስ ወደ ቤት ቢመጣ ሁለተኛ ይመታ ነበር። ሥልጣኑ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በግልጽ የተሰጠ ነበርና አሻሚ አልነበረም። የኔታም በአብዛኛው የዚያው አጥቢያ ሰው ስለ ነበሩ የልጁን ቤትና ችግሩን ያውቁ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ይኸው ልማድ ሳይጠራ ተከትሎ ገባ። ልምጩ በማስመሪያና በጎማ ተተካ፤ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ ጆሮ መቈንጠጥ፣ እስክሪብቶ በጣቶች መካከል አስገብቶ መጭመቅ የመሳሰሉት ተጨመሩ። የኔታን ከልጁ ቤት ጋር ያስተሳስር የነበረው መተዋወቅ ግን አብሮ አልመጣም።

ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ሁልጊዜ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ፤ በአለንጋ የተማሩ ሰዎች ለትልቅ ማዕረግ በቅተዋል የሚል ነው። እርግጥ የበቁ አሉ። ከዱላው ሸሽተው ከፊደል ጋር ለዘለዓለም የተለያዩት ግን ምስክርነት እንዲሰጡ አይጠሩም፤ ከቶውንም የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

ሕጉ በበኩሉ በዚህ ጉዳይ ረገድ ረጅም መንገድ ተጕዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሳዳሪው ለልጁ አስተዳደግ ሲል ቀላል የአካል ቅጣት እንዲፈጽም ይፈቅድ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብቶች ስምምነት ተቀበለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያንን «ቀላል የአካል ቅጣት» የሚለውን አነጋገር ትቶ ስለ ተገቢ የሥነ ሥርዓት እርምጃ ብቻ ይናገራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታት ወንጀል መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ተገቢ በሆነ መንገድ የማረምና የመቅጣት መብት በዚህ ድንጋጌ እንደማይነካ ይገልጻል።

እዚህ ላይ በጥሞና ሊታይ የሚገባው አንድ ስፌት አለ። የሕገ መንግሥቱ ክልከላ ትምህርት ቤቶችንና ማሳደጊያዎችን በስም ይጠራል፤ ቤትን አይጠራም። የወንጀል ሕጉም ለወላጅ «ተገቢ» የሚባል፣ ልኩ ያልተነገረ ሥልጣን ትቶለታል። በመሆኑም በአንድና በዚያው ጥፋት ምክንያት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕፃን ላይ የሚያርፍ ዱላ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ከአጥሩ ውጭ እንደ አስተዳደግ ሊቈጠር ይችላል። «ወላጅ ይዘህ ና» የሚያልፈው በዚህ ስፌት ነው። መምህሩ ሕጉን አልጣሰም፤ ወላጁም ሕጉን አልጣሰም፤ ሕፃኑ ግን ተመትቷል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውታል ለማለት አይቻልም። አሠራሩን የሚያውቁ ሁሉ ግን ውጤቱን ያውቁታል።

በርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚፈጸመውን ሥነ ሥርዓት ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። እናት ነጠላዋን እያስተካከለች ትገባለች። ወንበር ይሰጣታል፤ አንዳንድ ጊዜም አይሰጣትም። ልጁ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። መምህሩ «እናት፣ ይህ ልጅ በጣም አስቸግሮናል» ብሎ ይጀምራል። የተባለው ጥፋት በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ ከዚያ በላይ ጊዜ የለም፤ ክፍሉ ያለ መምህር ተቀምጧልና። እናት የተነገራትን ለማጣራት አትጠይቅም፤ መጠየቅ ልጇን መደገፍ ይመስልባታል። በሰው ፊት የተዋረደችው እርሷ ናትና ማስመስከር ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅ ማሳደግ የምታውቅ መሆኗን። ስለዚህ ወይ እዚያው ዘወር ብላ በጥፊ ትመታዋለች፣ ወይም «ቈይ፣ ቤት እንገናኝ» ትላለች። መምህሩም «ይበቃል፣ ይበቃል» ይላል። ቃሉ ለመገላገል ነው፤ ነገር ግን የጠበቀው ነገር መፈጸሙንም ይናገራል። ከመሄዷ በፊት ደግሞ «መምህር፣ እርስዎም እንደ አባቱ ነዎት፤ ይቅጡልኝ» ብላ ትለምናለች። ጥንት ለየኔታ ይሰጥ የነበረው ሥልጣን እንደ ገና ቀርቦለታል፤ መምህሩ ሊቀበለው አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋል። የዱላው ጉዳይ በትሕትና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገፋፋ ቈይቶ በመጨረሻ ማደሪያው ቤት ይሆናል።

እናቲቱ ለዚህ የከፈለችውንም መርሳት አይገባም። ጉልት የምትሸጥ ከሆነች የጧት ገበያዋ አልፏል፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነች የዕለቱ ደመወዟ ቀርቷል። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኛት ጉዳይ ሁለት ብቻ ነው፦ መዋጮና ክስ። የወላጅ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ወላጆች ለምን አይመጡም እየተባለ በየዓመቱ በሪፖርት ይጻፋል። አንድ ሰው በተጠራ ቍጥር የሚዋረድበት ቦታ በፈቃዱ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ግን ከሰው ጠባይ ውጭ ነው።

ሕፃኑስ? በየትኛውም ፍርድ ቤት ክሱን ለዳኛ የሚያደርሰው ተከሳሹ ራሱ አይደለም። እዚህ ግን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ የገዛ ክሱን ተሸክሞ፣ ከሌሊት በፊት ለሚፈርድበትና ለሚቀጣው ሰው እንዲያደርስ ይታዘዛል። ይህን ያህል ድፍረት ከዐዋቂ እንኳ አይጠበቅም። ልጁ መልእክቱን ይደብቃል፤ ጧት እንደ ወትሮው ቦርሳውን አዝሎ ከቤት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚውለው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ወይም በየመንገዱ ነው። በከተማ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ዘዴም አለ፤ ከመንገድ አንድ ሊስትሮ ወይም ሥራ የፈታ ጐረምሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ማቅረብ ነው። መምህሩም አንዳንድ ጊዜ ነገሩ እየገባው ያልፈዋል። በክፍል ውስጥ በማውራቱ የተባረረ ልጅ በሦስተኛው ቀን ውሸትን፣ ማስመሰልንና ከትምህርት መጥፋትን አንድ ላይ ተምሮ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጥፋት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነበር።

እርምጃው በእርግጥ ለመግባባት የታሰበ ቢሆን ኖሮ የእጅ ስልክ ባስቀረው ነበር። ዛሬ በከተሞችና በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የወላጅ ስልክ ቍጥር በተማሪው መመዝገቢያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ መምህሩ ከክፍል ሲወጣ ደውሎ ሊነጋገር ይችላል፤ ልጁም አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያመልጠው ይቀጥላል። ነገር ግን ስልኩ እያለ ልጁ አሁንም ይላካል። ከዚህ የሚገባው፣ የሚፈለገው መልእክቱ እንዳልሆነ ነው። የሚፈለገው ሕፃኑ መልእክቱን ይዞ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚያድርበት ፍርሃትና በማግሥቱ በር ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። በሌላ አነጋገር ቅጣቱ እርሱ ነው፤ የወላጅ መምጣት የቅጣቱ ማብቂያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ብሎ መምህሩን በጭካኔ መክሰስ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በትናንሾቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከጧት እስከ ቀትር ሁሉንም ትምህርት ብቻውን ሲያስተምር ይውላል። ለመጀመሪያ ደረጃ የተወሰነው ልክ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ይገኛል። በአንድ አግዳሚ ወንበር አራትና አምስት ሕፃናት ተጣበው በተቀመጡበት ክፍል የአንዱ ክርን የሌላውን ደብተር ሳይገፋ አይውልም። ዱላ ተከልክሏል ሲባል መምህሩ የተነገረው ማድረግ የሌለበትን ነው። በዱላው ፋንታ ምን ያድርግ ለሚለው የተሰጠው መልስ ግን «ምክር» ከሚለው ቃል ብዙም አይዘልም። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ያገኘውን ይይዛል፤ በቅርብ ያገኘው ደግሞ ወላጁን ነው።

የአካል ቅጣቱ ራሱ ቢሆን ገና እንዳልቀረ ይታወቃል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ቀበሌዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ዕድገት ሲከታተል ቈይቷል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የ8 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ባለፈው ሳምንት መምህር ሌላ ተማሪ ሲመታ ማየታቸውን፣ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ደግሞ ራሳቸው መመታታቸውን ተናግረዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በዕድሜ መካከል የታየው ልዩነት ነው። የ15 ዓመት ልጆች የሚመቱት ከትንንሾቹ በግማሽ ባነሰ መጠን ነው። ጥፋታቸው ስላነሰ ነው ብሎ የሚያምን መምህር አይገኝም፤ ጐረምሳ መልሶ ሊቋቋም ይችላል፤ ሕፃን አይችልም። ቅጣቱ ሲመዘን የኖረው በጥፋቱ ክብደት ሳይሆን በተቀጪው አቅም ነው ማለት ነው።

ወላጅ የሚያስጠሩትን ጥፋቶች አንድ በአንድ ማየትም ጠቃሚ ነው። ጠብና ስርቆት አሉባቸው። አብዛኞቹ ግን ማውራት፣ ከቦታ መነሣት፣ ደብተር ወይም እርሳስ አለመያዝ፣ የቤት ሥራ አለመሥራት፣ ማርፈድ፣ የደንብ ልብስ ቆሽሾ መምጣት ናቸው። ውኃ ቀድታ የመጣች ልጅ ታረፍዳለች፤ ቁርስ ያልበላ ያንቀላፋል፤ ከሰሌዳው የተጻፈውን ማየት የማይችል፣ ዐይኑ መታመሙን ማንም ያላወቀለት፣ ከጐረቤቱ ደብተር ሲገለብጥ «ያወራል» ተብሎ ይጻፍበታል። ከጥፋቶቹ ከፊሉ የልጁ አይደሉም፤ የቤቱ ድህነት ናቸው። ከፊሉም የትምህርት ቤቱ ጉድለት ናቸው። ከ1,900 ዓመታት በፊት በሮም ከተማ የንግግር ጥበብ ያስተምር የነበረው ኲንቲሊያኖስ ሕፃናትን መምታት ሲቃወም ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ጠባቂዎቻቸው ልጆቹን ሥራቸውን እንዲሠሩ አጠገባቸው ሆነው አያተጓቸውም፤ ሳይሠሩ ሲቀሩ ግን ይቀጧቸዋል የሚል ነው። ሰውየው ስለ ሌላ አገርና ስለ ሌላ ኅብረተሰብ ይናገር ነበር፤ ይሁን እንጂ የቤት ሥራ ባልሠሩ የ2ኛ ክፍል ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ያየ ሰው አነጋገሩ አይከብደውም።

በዚህ ነጥብ ላይ አንዳንድ አንባብያን «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ማንሣታቸው አይቀርም። ተረቱ ትክክል ነው፤ የሚጠቀሙበት መንገድ ግን የተሳሳተ ነው። በአማርኛ «የተቀጣ ልጅ» ሲባል ብዙ የተደበደበ ልጅ ማለት አይደለም። ሲናገሩት የሚሰማ፣ ታላቁን የሚያከብር፣ ልክ የሚያውቅ፣ ባጭሩ በወግ ያደገ ማለት ነው። ተረቱ ራሱም ይህን ይመሰክራል፤ የተቀጣው ልጅ በቍጣ ብቻ የሚመለስ ነው፤ በቃል የሚመለስ ልጅ ደግሞ ዱላ አያስፈልገውም። እንግዲያው መጠየቅ ያለበት በ«ወላጅ ይዘህ ና» የሚቀጣው ሕፃን በቃል የሚመለስ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። በየወሩ በር ላይ የሚቆሙት እነዚያው ልጆች መሆናቸውን ማንም ዘበኛ ሊናገር ይችላል።

ሌላው መንገድ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ጐበዝ መምህራን ሳይጽፉት ሲሠሩበት ኖረዋል። የሚያወራውን ልጅ ወደ ፊት አምጥቶ ያስቀምጣል፤ መቀመጥ ለማይሆንለት ሰሌዳ የማጥፋትና ደብተር የማደል ሥራ ይሰጠዋል። የጓደኛዋን ደብተር የቀደደች ልጅ በእረፍት ጊዜ ከመምህርቷ ጋር ተቀምጣ በሙጫ ትለጥፈዋለች፤ ደብተሩንም ለባለቤቷ በእጇ ትመልሳለች። እርሳስ የወሰደው ልጅ በክፍል ፊት ሌባ አይባልም፤ ለብቻው ይጠየቃል፤ ይመልሳልም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከወላጅ ጋር መነጋገር ሲያስፈልግ ንግግሩ በትልልቆቹ መካከል ይሆናል፤ በስልክ፣ በታሸገ ወረቀት ወይም መምህሯ በመንገዷ ወደ ቤት ጐራ በማለት። አንዳንዶቹ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋሉ፤ ልጁ ጥሩ በሠራ ቀንም ወላጁን ያስጠራሉ። አንዲት እናት ክስ ልትሰማ ተሳቅቃ መጥታ ልጇ ፊደል መለየቱን ብትሰማ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠራ ጥፊዋን አዘጋጅታ አትመጣም። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ ጊዜ የለም ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ቢሆንም አንድን ልጅ ሦስት ቀን ከትምህርት አጉድሎ፣ ያመለጠውን ሳያገኝ መልሶ ክፍል ውስጥ ማስገባትም የመምህሩን ጊዜ ይበላል፤ ልዩነቱ በኋላ የሚከፈል መሆኑ ነው።

ስለሆነም በየትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ነገር ብዙ ቃላት አይጠይቅም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለ ማንኛውም ተማሪ ወላጁ ባለመምጣቱ ምክንያት ከክፍል ውጭ እንዳይውል፤ የወላጅ ጥሪም በልጁ እጅ እንዳይላክ፤ ውይይቱም ልጁ በሌለበት እንዲጀመርና መጀመሪያ የሚነገረው ትምህርት ቤቱ እስከዚያ ቀን ምን እንዳደረገ እንዲሆን መወሰን ይቻላል። የመጨረሻው ነጥብ ለአንዳንድ ርእሳነ መምህራን ከሁለቱ ይልቅ የሚከብድ ይመስላል፤ ትምህርት ቤቱ ምንም ካላደረገ የሚናገረው ያጣልና።

እስከ አሁን ያለው አሠራር ምን ያህል ልጆችን ስንት ሰዓት ከትምህርት እንዳስቀረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መረጃ የሚፈልግበት ቦታ የሥነ ሥርዓት መዝገቡ ነው። መዝገቡ በአብዛኛው በንጽሕና የተያዘ ነው። ስም፣ ክፍል፣ ጥፋት፣ የተወሰደ እርምጃ የሚሉ ዓምዶች አሉት። በመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ወላጅ ቀርቧል፤ መክረናል» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ወላጁ እስኪቀርብ ልጁ በር ላይ የቆመባቸው ክፍለ ጊዜያት የሚጻፉበት ዓምድ አልተሠመረም።